ጠመንጃውን የሚቆጥር ማን ነው?

አርብ ገበያ ስሟን ያወጣላት ገበያዋ ነው። ያለችው ታች ጋይንት ውስጥ ሲሆን የደጋው ሰውና ወደ በሽሎ የሚወርደው የቆላ ሰው በየሳምንቱ ይገናኙባታል። ከመካከላችን የዚያ አገር ልጆች አሉ፤ ከልጅነታቸው የማይረሱት ነገር ቢኖር ገበሬው ገበያ ሲወጣ ከትከሻው የማይለየው ጠመንጃው ነው። በአንዱ ቤት ከአያት የወረደ ምንሽር አለ፤ በሌላው በሬ ተሽጦ የተገዛ ክላሽ አለ። ለሠርግም ለቀብርም ይተኮሳል። ወንድ ልጅ ነፍስ ሲያውቅ መጀመሪያ የሚቋምጠው እሱን ነው።

ታዲያ መንግሥት መጥቶ «ቁጥሩን ንገረኝ፣ አስመዝግብ» ሲለው ምን ይበል? ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ያከራከረን ይኸው ነው። ገሚሶቻችን «ይመዝገብ» አልን፤ ገሚሶቻችን «ምን ሲደረግ!» አልን። ሲነጋ የገባን ነገር ቢኖር ጥያቄው ከጠመንጃም እንደሚያልፍ ነው። ሰው ራሱን የመጠበቅ መብቱን ለመንግሥት የሚያስረክበው መቼ ነው? ቢያስረክብስ በምትኩ ምን ይቀበላል?

አይመዝገብ የሚሉት ወንድሞቻችን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የደረሰው ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ያለውን መሣሪያ ይዞ የወጣ ገበሬ ነው ይላሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዱር የገቡ አርበኞች ጠመንጃቸውን ለፋሺስት አስረክበው ቢሆን ኖሮ በምን ይዋጉ ነበር? ያመኑትንስ ምን አገኛቸው? የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን ነፍሳችሁ ይተርፋል ተብለው እጃቸውን ሰጡ፤ ታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። እሱስ የባዕድ ግፍ ነው እንበል። በ1960 የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ ከቅሬታዎቹ አንዱ የመሣሪያ ምዝገባ ነበር። የገበሬው ሥጋት ግልጽ ነው፦ ዛሬ የሚቆጥሩት ነገ ሊወስዱት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል፤ ጠመንጃውም አጥሩ ነው።

የቅርቡ ታሪክ ደግሞ ሥጋቱን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ሲወጣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከለከለ፤ በእጅ ያለውም እንዲመዘገብ አዘዘ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2013፣ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። ሐምሌ 2013 የአማራ ክልል መንግሥት የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዝመት ብሎ ጠራ። ነሐሴ ላይ የትግራይ ኃይሎች ጋይንት ነፋስ መውጫ ገቡ፤ በዚያ የተደፈሩ ሴቶችን ምስክርነት አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሰብስቦ አውጥቶታል። በ2015 መጋቢት መጨረሻ ደግሞ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ መወሰኑ ተነገረ፤ ክልሉ ወደ ጦርነት ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንግዲህ ቆጥረን እንየው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያው አንድ ገበሬ «አስመዝግብ» ተባለ፣ «ይዘህ ዝመት» ተባለ፣ «አውርድ» ተባለ። ግራ ቢገባው ምን ይፈረድበታል?

ይህን ሁሉ ሰምተን «ይመዝገብ» ያልነው ወገኖች ዝም ልንል ነበር። ያስቆመን ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት አገሩ ወርዶ የሰማው ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ቤት ተቀምጦ «አያ፣ አንቱስ ቢጠየቁ ያስመዘግባሉ?» አላቸው። «ልጄ፣ የሚመዘግበኝ ሌሊት ስጮኽ የሚደርስልኝ ከሆነ ለምን አላስመዘግብም? የማይደርስልኝ ከሆነ ግን ስሜ ምን ያደርግለታል?» አሉት። መልሱ ደስ ብሎት ሊነሣ ሲል ከምድጃው አጠገብ የነበሩት ባለቤታቸው ቀና ብለው፣ «ጠመንጃ የሌለው ቤትስ ሲጮኽ ማን ይድረስለት?» አሉ።

ይህችን ጥያቄ በክርክራችን ሁሉ አንዳችንም አላነሣናትም ነበር። ስንከራከር የቆየነው በባለጠመንጃውና በመንግሥት መካከል ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ያልደረሰላት፣ በሬ ሸጦ መሣሪያ የሚገዛ የሌላት ሴት ግን በሁለቱም ወገን የለችም። ድንበሯን የሚገፋው መንግሥት ብቻ አይደለም። ጎረቤቷም ይገፋል፤ እሱ ደግሞ ጠመንጃ አለው። ወንዶቹም ቢሆኑ አልዳኑበትም። አንዱ ስለገዛ ሌላው ይገዛል። በአንድ ክንድ መሬት ተጣልተው ቃታ ይሳባል፤ ደም ይፈሳል፤ ገዳይ እርሻውን ጥሎ ይሸሻል፤ የሟች ወንድም ደም ሊመልስ ያደፍጣል። ሽማግሌና ቄስ ገብተው እስኪያስታርቁ ድረስ የሁለት ቤት ማሳ ጦም ያድራል።

መራራም ቢሆን ሐቁን እንናገር። ጠመንጃ በመንግሥት ላይ ደካማ ነው፤ በጎረቤት ላይ ግን ብርቱ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 በበጌምድርና በወሎ አዋሳኝ አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ከማዕከላዊው ጦር ሲገጥም ከሰማይ የአውሮፕላን ቦምብ ወረደበት፤ ራስ ጉግሣም እዚያው ወደቁ። ዛሬ ደግሞ ድሮን አለ። መንግሥት ፈጽሞ ሲጠፋም ጠመንጃ ብቻውን አያድንም፤ ጥር 1983 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ በሞቃዲሾ የጠፋው ዳኛ እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ዓድዋና አርበኞቹስ? ትክክል ነው፤ ግን እዚያ ጠመንጃው ያዋጣው ለአንድ ዓላማ፣ በአለቃና በሥርዓት ስለቆመ ነው። ሥርዓት የሌለው ጠመንጃ የዓድዋን ስም ሊዋስ አይገባውም።

ስለዚህ ምዝገባውን እንደግፋለን፤ ነገር ግን መዝገቡ ባለ ሁለት ገጽ ይሁን። በአንዱ ገጽ የጠመንጃው ቁጥር ይጻፍ። በሁለተኛው የመንግሥት ዕዳ ይጻፍ፦ ሲጮኽ መድረስ፣ ከብቱ ሲነዳ ማስመለስ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ደጁን አለመርገጥ። ቆጣሪውም ይቆጠር፤ ፖሊሱና ሚሊሺያው ስለተኮሰው እያንዳንዱ ጥይት ይጠየቅ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ገበሬው መዝገብ ቢሸሽ አንፈርድበትም። መሣሪያው የሚወሰድ ከሆነም በዋጋው ይሁን። አውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ከተገደለ በኋላ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ መሣሪያ የሰበሰበችው ለባለቤቶቹ እየከፈለች ነው። የአርብ ገበያው ገበሬም በሬውን ሸጦ ነው የገዛው።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ባለጠመንጃው ከግዴታ ነፃ ነው ማለታችን ግን አይደለም። እዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ጋር እስከ አሁን አልተስማማንም። እነሱ «መንግሥት መጀመሪያ ይታረም» ይላሉ። እኛ ደግሞ ጠመንጃ ለሌላት ጎረቤቱ ያለበትን ዕዳ የማንንም መታረም ሳይጠብቅ ዛሬ ሊከፍል ይችላል እንላለን። መሣሪያ ይዞ ሸንጎ አለመግባት፣ በድንበር ክርክር ትከሻን ባዶ አድርጎ መቅረብ፣ በሠርግ አለመተኮስ፣ ይህን ለመወሰን አዋጅ አያስፈልግም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ያ ቃል የሚያስቆመው ሁለቱም ዳኛ አለ ብለው ስላመኑ ነው። ሥልጣን ማለት ለእኛ እሱ ነው፤ መንግሥትም ሊሠራበት የሚገባው እሱን እምነት ነው።

መለኪያውም ሩቅ አይደለም። አርብ ቀን ገበያ ላይ እህል የምትሸጥ አንዲት ሴት ጠመንጃ ካነገተ ሰው ጋር ዋጋ ስትከራከር ትታየን። ድምፅዋን ዝቅ ካደረገች ሕግ ገና አልደረሰም። ድምፅዋን ሳትቀንስ «አልሸጥም፣ ሂድ!» ብላ በሰላም ቤቷ ከገባች፣ ያኔ መንግሥት አለ እንላለን፤ ጠመንጃውም ይቆጠር። የተለየ ሐሳብ ያለው ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን።