ያልደረሰ ዘመንን ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፥ በቺሮም ሆነ በሂርና፥ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፥ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ውጭ አገር የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀድሞ ከእነዚህ ወገኖች የሚደርሰን የምክር ጥያቄ ስለ ቤት መሥራት፥ ስለ ሠርግና ስለ ተዝካር ነበር። ዛሬ ግን አልፎ አልፎ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «ታይምሼር የሚሉትን ልግዛ ወይስ ልተው? ከገዛሁስ ከየትና እንዴት?» የሚል ነው። ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሒሳብ አዋቂዎች በተውነው ነበር። ነገር ግን በውስጡ የኅሊና ጉዳይ ስላለበት በዚህ ዐምድ ልናነሣው ወደድን።

ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ አስቀድመን ምንነቱን እንግለጽ። ታይምሼር ማለት በአንድ የመዝናኛ ሥፍራ የሚገኝን ቤት በሙሉ ሳይሆን፥ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ያህል የመጠቀም መብትን መግዛት ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት ሃምሳ ለሚያህሉ ገዢዎች ሊከፋፈል ይችላል። ሐሳቡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተጀምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1974 ደግሞ አርሲአይ የተባለው ድርጅት ሲመሠረት፥ አንዱ ገዢ ሳምንቱን በሌላ ሥፍራ ካለ ሳምንት ጋር የሚለዋወጥበት መንገድ ተከፈተ። በኋላም በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ሳምንቱ በነጥብ ተተካ፤ ገዢውም «አባል» ተባለ። በአሜሪካ በቀጥታ ከኩባንያው የሚገዛ ሰው በአማካይ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። በዚህ ላይ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ፤ እርሱም አንድ ሺህ ዶላር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፥ ከዘመን ወደ ዘመን እየጨመረ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ወደ ሥፍራው ቢሄድም ቢቀርም ይከፈላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ያልደረሰ ዘመንን መግዛት በራሱ ነውር ነውን? የሚል ነው። አይደለም እንላለን። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፥ የከተማ ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም ዘመንን ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የተደነገገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚያ ሥርዓት መሬት ለዘለዓለም አይሸጥም፤ ከኢዮቤልዩ በፊት የቀሩት የመከር ዘመናት ተቈጥረው ይሸጣሉ እንጂ። ዘመኑ ሲበዛ ዋጋው ይጨምራል፤ ዘመኑ ሲያንስ ዋጋው ይቀንሳል፤ ወንድምም ወንድሙን እንዳያታልል ይታዘዛል። ስለዚህ ዘመንን መሸጥ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፥ ሁለት ነገሮች ይፈለጉበታል ማለት ነው፤ ቍጥሩ የታወቀ መሆኑና መጨረሻ ያለው መሆኑ።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከታይምሼር ውሎች ብዙዎቹ፥ በተለይም በአሜሪካ የቆዩት፥ መጨረሻ የላቸውም። ገዢው የገዛው ሳምንት በየዓመቱ እንደሚመለስ ሁሉ፥ ክፍያውም በየዓመቱ ይመለሳል፤ ገዢው ሲያረጅ፥ ሲታመም፥ ጕልበቱ ሲደክም አይቆምም። በዚህ ረገድ የእኛ ዕቁብ የተሻለ ጥበብ አለው። የዕቁብ አባል ዕጣው ከወጣለት በኋላ መክፈሉን እንዲቀጥል ዋስ ይጠራል፥ ግዴታውም ጥብቅ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው አባል ሲወስድ ሁሉም ነጻ ይሆናል። ዕድር እንኳ፥ ያለ ማቋረጥ የሚቀጥል ቢሆንም፥ የሚያስተሳስረን ከማናውቃቸው ባለአክሲዮኖች ጋር ሳይሆን ሬሳችንን ከሚሸከሙ ጎረቤቶች ጋር ነው።

አንዳንድ ምእመናን ከዚህም አልፈው «ለዕረፍት ገንዘብ ማውጣት ራሱ ቅንጦት ነው፤ ያ ገንዘብ ለእናቱ ቢላክ አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ከእነዚህ ጋር አንስማማም። ዕረፍት ለሠራተኛ የሚገባ መብት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ይህን መብቱን አስቀድሞ ቢተው ስምምነቱ ዋጋ የለውም ይላል። ሌሊቱን ሆስፒታል ሲያጸዳ፥ ቀኑን ታክሲ ሲነዳ የሚውለውን ወንድማችንን «አትረፍ» ልንለው አንችልም። የእናቱን ድርሻና የእርሱን ዕረፍት እንደ ባላንጣ አቁመን ማሟገትም ደግ ነገር አይመስለንም።

ደግሞስ የታወቀ ሳምንት፥ በታወቀ ሥፍራ ማሳለፍ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በከተሞቻችን የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች መስቀል ሲደርስ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ይገባሉ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ሕዝብ የቺሮንና የሂርናን መንገድ ይሞላዋል። እነዚህም ጉዞዎች ወጪ አላቸው፤ ሰንጋ ይታረዳል፥ ስእለት ይገባል፥ ስጦታ ይሸከማሉ። ሆኖም በአንድ ዓመት ያልተመቸው ሰው ቢቀር ቅሬታ እንጂ ዕዳ አይከተለውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፥ ማለትም ወደ ገዢው ፈቃድ እንለፍ። የአሻሻጡን ሥርዓት ያዩ ሰዎች የሚናገሩት አንድ ነው። ሰውየው በነጻ ምሳ ወይም በርካሽ የሆቴል ክፍል ይጋበዛል፤ በምትኩም አንድ ሰዓት ተኩል ገለጻ እንዲሰማ ይጠየቃል። ገለጻው ይረዝማል፤ የመጀመሪያው ሻጭ ሲደክመው ሁለተኛው፥ ከእርሱም በኋላ «አለቃው» ይመጣል። ዋጋው ይቀነሳል፤ ነገር ግን ቅናሹ የዛሬ ብቻ ነው ይባላል። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሊመካከሩ ቢፈልጉ ጊዜ አያገኙም። በዚህ ሁኔታ የተሰጠ ፊርማ የሰውየው ፈቃድ ነው ወይስ የድካሙ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1710 የአንዱን ወገን ችግር፥ የዋህነት፥ እርጅና ወይም የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ፥ ፍትሕ በሚያስገድድበት ጊዜ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። የሌሎች አገሮች ሕጎችም ይህንኑ ድካም ስላወቁ ለገዢው የመጸጸቻ ቀናት ሰጥተዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን፥ በፍሎሪዳና በሜሪላንድ 10 ቀን፥ በቨርጂኒያ 7 ቀን፥ በኔቫዳ 5 ቀን። እነዚህ ቀናት በሚቈጠሩበት ጊዜ የሚጸናው በአብዛኛው ንብረቱ ያለበት ስቴት ሕግ ነው እንጂ ገዢው የሚኖርበት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበን ሦስተኛው ነገር ነው። ውሉ የከበደበት ሰው እንዴት ይወጣል? ለመሸጥ ቢሞክር፥ 20 ሺህ ዶላር የከፈለበት ሳምንት በሁለተኛ እጅ ገበያ በጥቂት መቶ ዶላር፥ አንዳንዴም በአንድ ዶላር ብቻ ቀርቦ ገዢ ሲያጣ ያያል። ያን ጊዜ ፈተና ይመጣል። ከአገሩ ልጅ፥ በቤተ ክርስቲያን ከሚያውቀው፥ እንግሊዝኛው ካልጠነከረ አዲስ መጭ ጋር ቡና ሲጠጣ «እኔ ያለኝን በግማሽ ዋጋ ልልቀቅልህ» ይላል። የሳምንቱን ውበት ይተርካል፤ የዓመቱን ክፍያ ግን አያነሣም። አዲስ መጩም ኩባንያውን ቢሆን ኖሮ ይጠረጥረው ነበር፤ የቺሮን ልጅ ግን አይጠረጥርም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲያስተምር ይህን ነገር በጥንቃቄ ለይቶታል። አንድ ዓይን ያለው ፈረስ ሲሸጥ ጉድለቱ ለሁሉ የሚታይ ስለሆነ፥ ሻጩ ዋጋውን እስከ ቀነሰ ድረስ የመናገር ግዴታ የለበትም። ስውር ጉድለትን እያወቁ ዝም ብሎ መሸጥ ግን ኃጢአት ነው ይላል። ይህን ለመረዳት የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ በከብት ገበያችን ሰንጋ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ፥ ሻኛውን ዳብሶ፥ አረማመዱን አይቶ ይገዛል። በሬው ተዋጊ መሆኑን ግን በመዳበስ ሊያውቅ አይችልም፤ ያን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የታይምሼር የዓመት ክፍያም እንደዚሁ በዓይን የማይታይ ቀንድ ነው። ኩባንያው በወረቀቱ በደቃቅ ፊደል ጽፎታል፤ ወንድም ግን ከቃሉ በቀር ወረቀት የለውም። ስለዚህ ወንድም በዝምታው የሚበድለው በደል ከኩባንያው በደል ይብሳል ብለን እናምናለን፤ የሸጠው ሳምንትን ብቻ ሳይሆን መታመንንም ጭምር ነውና።

«እኔስ ተታልዬ አይደለም ወይ የገዛሁት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኀዘኑም ይገባናል። ነገር ግን ክፉ ብር የደረሰው ሰው ክፉ መሆኑን እያወቀ ለጎረቤቱ ቢያሳልፈው፥ የመጀመሪያው በደል በሁለተኛው አይሰረዝም። ክፍያውን፥ መጨረሻ የሌለው መሆኑንና ለምን እንደሚለቅ በግልጥ ነግሮ ወንድሙ ሁሉን ሰምቶ ከወደደ፥ ያን ጊዜ በነጻ ቢሰጠውም ቢሸጥለትም በደል የለበትም።

«ከየትና እንዴት?» ለሚለው በአጭሩ እንመልስ። ያን ሥፍራ ወድዶ በየዓመቱ በእርግጥ የሚሄድ ሰው፥ አስቀድሞ ከአንድ ባለቤት ሳምንቱን በኪራይ ወስዶ ይየው። ከወደደው ከሁለተኛ እጅ ይግዛ እንጂ ከገለጻው አዳራሽ አይግዛ፤ ያለፉትን ዓመታት የክፍያ ደረሰኝ ጠይቆም ጭማሪውን ይመልከት። ወለድ ባለው ብድር አይግዛ። «አንተ ገዝተህ ሌሎችን ብታመጣ ገንዘብህ ይመለሳል» ከተባለ ግን ይሽሽ፤ እንዲህ ያለው የፒራሚድ ሽያጭ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ የዕረፍት ሳምንት ቢሆንም ክልከላው አይለወጥም።

አስቀድሞ የፈረመ ሰው ደግሞ የመጸጸቻው ቀን አላለፈ እንደ ሆነ፥ በስልክ ሳይሆን በውሉ በተጻፈው መንገድ፥ በጽሑፍና በደረሰኝ ያስታውቅ። ቀኑ ካለፈበት በቅድሚያ «ውልህን እናፈርስልሃለን» ለሚሉት ገንዘብ አይስጥ፤ ከእነርሱ መካከል ሁለተኛ ጊዜ የሚያታልሉ አሉና፤ ይልቅስ ኩባንያው ራሱ መልሶ ይረከበው እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ልጆች ያሉትም እንደ ሆነ ዛሬውኑ ይንገራቸው። ወራሾች እንዲህ ያለውን ርስት አንቀበልም ብለው በሕግ ሊተዉት ይችላሉ፤ ነገር ግን ይህን ማድረግ ያለባቸው በሕጉ ጊዜ ውስጥና በሳምንቱ መጠቀም ሳይጀምሩ ስለሆነ፥ ወረቀቱ በየትኛው ሣጥን እንዳለ አባታቸው በሕይወት ሳለ ማወቅ አለባቸው።