በመስቀሉ አጠገብ የቆመች እናት

ንባብ፦ የዮሐንስ ወንጌል 19፥25-27።



የሮማ ካቶሊካውያን በያመቱ ሴፕቴምበር 15 ቀን፣ በእኛ መስከረም መባቻ ሰሞን፣ የጌታን እናት የማርያምን ኀዘን ያስባሉ። ኀዘኖችዋንም ሰባት ብለው ይቈጥራሉ፤ እነርሱም የስምዖን ትንቢት፣ የግብፅ ስደት፣ የሕፃኑ በኢየሩሳሌም መጥፋት፣ በጎልጎታ መንገድ ላይ መገናኘታቸው፣ ስቅለቱ፣ ከመስቀል መውረዱና መቀበሩ ናቸው። በሥዕልም ልብዋን ሰባት ሰይፍ ወግቶት ያሳያሉ። ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በወርኃ ጽጌ የሚዜመው ሰቆቃወ ድንግልም የስደትዋን ልቅሶ ያሰማልና።

ይህን በዓል ከሚያውቁት ከተሞች አንዷ ጁባ ናት። በካቶር ሰፈር በቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል የሚጸልዩ ብዙ እናቶች ስለ ሰይፉ ሰባኪ ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን ቍጥር ናቸው።) በ2011 ዓ.ም. አገራቸው ነጻ ወጣች፤ በ2013 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር በዚያችው ከተማ ጦርነት ተነሣ፤ በ2016 ዓ.ም. ጁላይ ወር እንደ ገና ተኵስ ሆነ። ብዙዎችም ልጆቻቸውን አዝለው ወደ እኛዋ ጋምቤላ ተሻገሩ። በ2023 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ ወር የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሞደሬተር በአንድነት ወደ ጁባ መጥተው ከቤታቸው የተፈናቀሉትን ጐበኙ። ፓፓውም በዚያ የአገሪቱ መለወጫ ቍልፍ እናቶች እንደ ሆኑ ተናገሩ።

እንግዲህ እኛ ስለዚህ አምልኮ ምን እንላለን? ሉተር በ1521 ዓ.ም. የማርያምን መዝሙር ሲተረጕም በታላቅ አክብሮት ጠርቷታል። የአውግስቡርግ እምነት መግለጫም በ1530 ዓ.ም. በ21ኛው አንቀጽ ቅዱሳንን እምነታቸውን እንድንከተል እናስባቸው፤ ልመናችንን ግን አንድ መካከለኛ ለሆነው ለክርስቶስ ብቻ እናቅርብ ይላል። በዚህ እንጸናለን። ያለቀሰችው እናት አላዳነችንም፤ ያለቀሰችለት ልጅ ግን አዳነን።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ወደ ማርያም አትጸልዪ ብለን ኀዘንተኛዋን ባዶ እጅዋን ብንሰድዳት ወንጌልን አልሰበክንላትም። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ያደረገውን ተመልከቱ። የዓለምን ኀጢአት ተሸክሞ በሚሞትበት ሰዓት እናቱን አየ። አታልቅሺ ብሎ አልገሠጻትም። ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ እርሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ለቈሰለችው ነፍስ ቤት ተሰጣት ማለት ነው። በሦስተኛውም ቀን መቃብሩ ባዶ ሆነ፤ ስለዚህ ከሰባቱ ኀዘን መጨረሻው መቃብር ቢሆንም የእግዚአብሔር ነገር በመቃብር አላለቀም።

በእኛም አገር ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. በሰሜን በሆነው ጦርነት ሬሳ ሳያዩ መርዶ ብቻ የሰሙ እናቶች አሉ። አንዳንዲቱ በትግራይ፣ አንዳንዲቱ በአማራ፣ አንዳንዲቱ በአፋር ተቀምጣለች። የአንዲቱ ልጅ በሌላይቱ ልጅ ላይ ተኵሷል፤ እንባቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ድንኳኑ ሲፈርስና ለቀስተኛው ሲበተን ማን ይቀርላቸዋል? ዮሐንስ ልትወለድለት ያልቻለችውን እናት በጌታ ቃል ተቀበለ። እኛም ወገኔ ናት ወይስ አይደለችም ብለን ሳንጠይቅ በደጃችን ያለችውን እናስገባ። ዛሬ የማን ቤት እንደ ዮሐንስ ቤት ይከፈታል?

በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ያልረሳ ጌታ የጁባንም፣ የእኛንም እናቶች ያጽናና፤ ለእኛም የተከፈተ ቤትና የሚራራ ልብ ይስጠን። አሜን።