ስለ ክርስቲያን ማኅበር ጤና

አስቀድሞ ማቴዎስ 5፥21-24፤ የሐዋርያት ሥራ 9፥36-43፤ ያዕቆብ 2፥1-9 ይነበብ።

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድ ሐኪሙ የበሽተኛውን ሸማ አይመረምርም። ሸማው ጥለቱ ያማረ የዶርዜ ሥራ ቢሆን እንኳ በውስጡ ያለው ሰውነት በትኩሳት ሊንቀጠቀጥ ይችላልና። ስለዚህ ሐኪሙ የደም ሥሩን ይዳስሳል፤ እንዴት እንደሚበላና እንዴት እንደሚያድር ይጠይቀዋል። እኛ ግን የማኅበራችንን ጤና ስንመረምር ብዙ ጊዜ የምናየው ሸማውን ነው። የሕዝቡን ቁጥር፥ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ፥ የመዝሙሩን ድምፅ አይተን «ይህ ማኅበር ደኅና ነው» እንላለን። እነዚህ ክፉ ነገሮች አይደሉም፤ ነገር ግን የጤና ምስክሮች አይደሉም። እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎች በፊትህ አቀርባለሁ፤ አንተም በእግዚአብሔር ፊት መልስ።

ፊተኛው ጥያቄ፤ አስተማሪው በሌለ ጊዜ ማኅበሩ ይቆማልን?

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ሶዶ መጥተው ወንጌልን ማስተማር ጀመሩ። በ1929 ዓ.ም. ግን የጣሊያን መንግሥት ከአገር አስወጣቸው። በዚያን ጊዜ በወላይታ የተጠመቁት 48 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፎአል። ከእነርሱም ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጭንቅ መጣ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ ዋንዳሮ የተባለውም ወንጌላዊ ስለ እምነቱ ታሰረ፥ ተገረፈም። ሰው ሁሉ «ይህ ነገር አለቀ» ይል ነበር። ነገር ግን ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ መልእክተኞቹ ሲመለሱ ያመኑት 10,000 ያህል ሆነው አገኙአቸው። ከእነዚህም መካከል ወንጌላውያን ተነሥተው ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተሻገሩ።

ይህ እንዴት ሆነ? ምእመናኑ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ነበር፤ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ያደርሱ ነበር፤ ይህንንም ፍቅር ያየ ያላመነው ጎረቤት ተደነቀ። እንግዲህ አንተ የምትጸልየው ሰባኪው ሲጮህ ብቻ ነውን? መጽሐፍህ የሚገለጠው በእሑድ ብቻ ነውን? ሰባኪው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር እምነትህ አብሮት የሚሄድ ከሆነ፥ እርሱ የሰባኪው እምነት እንጂ የአንተ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ በማኅበሩ ውስጥ የተጣላ ይታረቃልን?

በጋሞ አገር ዱቡሻ የሚባል አደባባይ እንዳለ ታውቃለህ። ሕዝቡ ስለ ደሬው ጉዳይ የሚመክርበት፥ የተጣላም የሚታረቅበት ስፍራ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ከጋሞ ወገን የሆኑ ሰዎች ተገደሉ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ጎልማሶች ተቆጥተው ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ጎልማሶቹም የአባቶችን ሽበትና ያን ሣር መርገጥ ስላልቻሉ ተመለሱ። የንጹሕ ሰው ደም ሳይፈስ ቀረ።

እስቲ አስብ። አባቶች ሣር ብቻ ይዘው ይህን ያህል ቍጣ ካቆሙ፥ የጌታን መስቀል እንሸከማለን የምንል እኛ ምን ልናደርግ ይገባን ነበር? ነገር ግን በአንድ ጸሎት ቤት ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ገንዘብ ሣጥን ወይም ስለ ሹመት ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ በአንድ ማዕድ ኅብስቱን ሲቀበሉ እናያለን። ጌታችን መሥዋዕቱን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ አስተምሮአል። እኛ ግን መሥዋዕቱን አቅርበን ወንድማችንን እንተዋለን። ይህ ትኩሳት ነው፤ መዝሙር አያበርደውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ የተናቀው ወንድም በማኅበሩ ስፍራ አለውን?

ይህ ከሁሉ የሚከብድ ነው። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪው ማና፥ ቆዳ ፋቂውም ደጋላ ይባላል፤ ማላ የተባለው ወገን ከእነርሱ ጋር እንዳይጋባ፥ መቃብራቸውም እንዲለይ ልማድ ሆኖ ኖሮአል። ማና በሠራችው እንስራ ውኃ እንጠጣለን፤ ደጋላ ባለፋው ቁርበት ላይ እንተኛለን፤ የእጃቸውን ሥራ ወድደን እጃቸውን እንንቃለን።

ወዳጄ ሆይ፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ጣቢታን ከሞት ካስነሣ በኋላ በዚያች ከተማ ደጁን የሚዘጋበት ሰው የነበረ አይመስለኝም። እርሱ ግን ብዙ ቀን የተቀመጠው ከቁርበት ፋቂው ከስምዖን ዘንድ ነበረ። ቁርበት ፋቂ በድን ስለሚነካ በአይሁድ ዘንድ ብዙ ክብር አልነበረውም። ጴጥሮስም ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል የተማረው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ነው፤ ወደ ቆርኔሌዎስም የተነሣው ከዚያ ደጅ ነው። ከቁርበት ፋቂው ጋር ያደረ ሰው ከአሕዛብ ጋር መብላትን ተማረ። ዛሬ ጴጥሮስ ወደ ጨንቻ ቢመጣና ከደጋላ ቤት ቢያድር በማግሥቱ ከእኛ ማን ቁርስ ይሰጠው ነበር?

«እኔ አልጠላቸውም፤ ልማዱንም እኔ አልጀመርሁትም» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ አንተ አልጀመርኸውም። ነገር ግን የተዘጋ በር ሰውን ለማስቀረት ጥላቻ አያስፈልገውም፤ ተዘግቶ መቅረቱ ይበቃል። ደግሞ «የጋብቻ ነገር የቤተሰብ ነው» ትላለህ። ማንም በትእዛዝ ይጋባ አልልም። ነገር ግን የልጅህን እጅ የጠየቀ ጎልማሳ በእምነቱ፥ በጠባዩ፥ በሥራው ነውር ሳይገኝበት ስለ አያቱ ቆዳ መፋቅ ብቻ ብትመልሰው፥ ምክንያቱን ለጌታ በጸሎት ልትነግረው ትችላለህን? ልትነግረው ካላፈርህ ንገረው፤ ካፈርህ ግን ምክንያቱን ጣለው።

አንተም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ ትምህርት ቤት ያለህ ተማሪ፥ ትምህርት ይህን ነቀርሳ በራሱ ያወጣዋል ብለህ አትታመን። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ንቀቱን በመልካም ቃል መሸፈን ይችላልና። የክፍል ጓደኛህ የትውልድ ሰፈሩን ደብቆ ቢኖር፥ ያስደበቀው ምን እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ።

እንግዲህ ይህን አድርግ። አንደኛ፥ በየቀኑ ከቤተሰብህ ጋር ጸልይ፤ ልጅህ እምነትን ከአንተ እንጂ ከሰባኪው ብቻ አይማር። ሁለተኛ፥ የሚቀጥለው የጌታ እራት ሳይደርስ ወደ ተጣላኸው ሰው አንተ ቅደም፤ በደሉ የማን እንደ ሆነ ሳትቈጥር ሂድ። ሦስተኛ፥ በዚህ ወር የተናቀውን ወንድም ወደ ቤትህ ጥራ፤ ከአንድ ገበታም ብሉ፤ ቀጥሎም እርሱ ሲጠራህ ሂድ፤ መጥራት ብቻ ምጽዋት ሊመስል ይችላል፥ ከእርሱ ቤት መብላት ግን ወንድምነት ነው። አራተኛ፥ የማኅበርህ ሽማግሌ እንደ ሆንህ፥ መቃብሩ ለምእመናን ሁሉ አንድ እንዲሆን ተናገር። በሰማይ አብረን እንሆናለን የምንል ሰዎች በምድር ውስጥ ተለያይተን ልንተኛ አይገባንም።

የእንሰት ተክል በአንድ ክረምት አይደርስም፤ የተከለው ሰው ዓመታትን ይጠብቃል፥ እየነቀለም ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። የማኅበር ጤናም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ያልተተከለ እንሰት ሺህ ዓመት ቢጠበቅ አይበላም። ስለዚህ ዛሬ ትከል።

የሰላም አምላክ ለአንተና ለቤትህ፥ ለጋሞም አገር ሁሉ ጤናን ይስጥ። አሜን።