የፈረሰ ቤት ሳይጠየቅ አይሠራም

ልጆቼ፣ ይህን ምክር የምጽፈው ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐ ቤቴ ወጥታችሁ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጅዳ ወይም በቤሩት እንጀራ ለምትፈልጉ ነው። አንድ ማታ ስልክ ይደወላል። «ቤቱን ነፋስ ገለበጠው»፣ «ጎርፍ ገባበት»፣ «መሬቱ ከነቤቱ ወረደ» ትባላላችሁ። ነፍስ መትረፉን ከሰማችሁ በኋላ የሚመጣላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፤ ቶሎ ሄጄ፣ ፍርስራሹን አስጠርጌ፣ ከቀድሞው የሚበልጥ ቤት አቁሜ ልመለስ። ፍቅራችሁ ይገባኛል። ግን አትቸኩሉ። ቤቱ ለምን እንደፈረሰ ሳታውቁ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አታስቀምጡ።

ከውቅያኖስ ተነሥቶ ከተማ የሚጠርገው ዐውሎ ነፋስ እኛ ዘንድ አይደርስም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ማዕበል ሶማሊላንድን መትቶ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልላችን መድረሱ ብርቅ ነገር ነበር። የእኛ አገር አደጋ ሌላ ነው። መንዝ ዙሪያውን ገደል የከበበው ደጋ ነው፤ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በደቡብ ሞፈር፣ በሰሜን ቀጨኔ ይቆርጡታል፤ በምሥራቅ ተራራው ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በአምባው አናት ያለ ቤት ነፋስና በረዶ ይመታዋል፤ ከገደሉ ሥር ያለ ደግሞ የመሬት መንሸራተት ያሰጋዋል። ስለዚህ «አደጋ ደረሰ» ሲሏችሁ መጀመሪያ የትኛው አደጋ እንደሆነ ጠይቁ። ነፋስ የወሰደው ጣሪያ እዚያው ላይ ይጠገናል። መሬት የከዳው ቤት ግን እዚያው ላይ አይሠራም።

የመሬቱን ነገር ላስረዝመው፣ ሕይወት የሚበላው እሱ ነውና። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ላይ መሬቱ ተንሸራትቶ ቤትና ማሳ ይዞ ወረደ፤ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቀቀ። ወሩን ልብ በሉ፤ መስከረም ነው። ሰው ክረምቱ ወጣ ብሎ ሲተነፍስ፣ አፈሩ ግን የሐምሌንና የነሐሴን ውሃ ጠጥቶ የከበደበት ጊዜ ነው። በእኛ ተረተር ላይ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ውሃ በሚያለሰልሰው አፈርና አመድ መሰል ድንጋይ ላይ ተኝቷል። የታችኛው ሲረጥብ የላይኛው ይንሸራተታል። ዝናቡ ስላባራ መሬቱ ረግቷል ማለት አይደለም።

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መጀመሪያ የተናደው አፈር ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ለማውጣት በእጁና በዶማ ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ በላዩ ወረደበት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ደጋጎቹ ናቸው፤ ለወገን የሮጡት። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል፤ ሆኖም ከነሱ ሞት መማር ግዴታችን ነው። ናዳ በወረደበት ቦታ አንድ ሰው ከፍ ብሎ ቆሞ ተረተሩን ይጠብቅ፤ ሌላው ይቆፍር። ሴትና ሕፃን ከሥሩ ይራቅ።

እናንተም ስትደርሱ ወደ ቤቱ ከመግባታችሁ በፊት ከቤቱ በላይ ወዳለው ተረተር ውጡ። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ አለ ወይ? ቀጥ ብሎ የቆመ ባሕር ዛፍ ወደ ታች አዘንብሏል ወይ? ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውሃ አፍልቋል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያ ቦታ ላይ ብር አታፍስሱ፤ ስለ ቤት አሠራር ከማውራታችሁ በፊት ስለ ሌላ ቦታ ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ። ይህን ለወላጅ መንገር ከባድ ነው። አባትህ የተወለደበት፣ እናትህ የተዳረችበት ግቢ ነው። በአንድ ቀን «ልቀቁ» ብላችሁ አታስደንግጧቸው። ስንጥቁን አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው። የመንዝ ሰው መሬት ያውቃል፤ ያየውን አይክድም።

ከዚያ በኋላ ፍርስራሹን ከማንሳታችሁ በፊት እዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ጻፉት። ጣሪያው የተነቀለው ከየት ነው? ነፋስ ቆርቆሮን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከጠርዙና ከአናቱ ነው፤ ወደ ላይ እየመጠጠ ይነቅለዋል። ሚስማሩ ብቻ ከተነቀለ ጥፋቱ የሚስማሩ ነው። ማገሩ ከነቆርቆሮው ከሄደ እንጨቱ ከግንቡ ጋር አልታሰረም ማለት ነው። ግንቡ በማዕዘኑ ተከፍቶ ከሆነ ሁለቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ አልተሳሰሩም። ሆዱ ተነፍቶ ከተደረመሰ ደግሞ በውስጥና በውጭ ፊቱ መካከል ጠጠርና ጭቃ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ፍርስራሹ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጎረምሳ ሰብስባችሁ በአንድ ጠዋት ካስጠረጋችሁት ግን ምስክሩ ጠፋ። ቀጥሎም ያልፈረሰውን የጎረቤት ቤት ሄዳችሁ እዩ። ባለቤቱን፣ የሠራውንም ግንበኛ ጠይቁ። እዚያው ነፋስ ውስጥ ቆሞ የተረፈ ቤት ከየትኛውም ባለሙያ ይበልጥ ያስተምራችኋል።

ወረቀትንም አትርሱ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ከፍርስራሹ ውስጥ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ይሁን። በመጀመሪያው ዙር የተሰጡት ደብተሮች ድንበርን የሚያውቁት በአዋሳኝ ስም ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ እያሉ። መሬቱ ከተንሸራተተ ያ ድንበር የት እንደገባ ለመናገር ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ አዋሳኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ ጠብ ሳይነሣ፣ ቶሎ ይለይ። ጉዳቱን ለቀበሌና ለወረዳው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። እርዳታ ቢመጣም ባይመጣም ያልተመዘገበ ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

አንድ ነገር በመሐል ልናገር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሞላሌና መዘዞ ደርሷል። ያን ጊዜ ተሰድዶ የተመለሰ ሰው ያውቃል፤ ውጊያ በነበረበት ግቢ ውስጥ ያላወቃችሁትን ብረት አትንኩ፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት ከልክሉ፣ ለሚመለከተው አካል ንገሩ።

አሁን ወደ ግንባታው። የመንዝ ቤት ድንጋይ ነው፤ ከደጋው ብርድ የሚያስጠልል ወፍራም ግንብ። ጥሩ ነው፤ ግን ድንጋይና ጭቃ መሬት ሲናወጥ ገዳይ ይሆናል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት ከመንዝ ሥር ያለችውን ማጀቴን አፈራርሷታል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው ነውጥ ስንቱን አስደንግጧል። ስለዚህ ግንበኛውን እንዲህ በሉት፤ በየክንዱ ርቀት ከውስጥ ፊት እስከ ውጭ ፊት የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ይግባ፤ በማዕዘን ላይ ድንጋዮቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተቆላለፉ ይውጡ፤ በግንቡ አናት ዙሪያውን እንጨት ይጋደምና በማዕዘኑ ይታሰር። ይህ ብዙ ብር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ጣሪያው ላይ ግን ብር አትሰስቱ። ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፤ በደጋው ነፋስ ግን ሚስማሩ ሥር እየተቀደደ ይሄዳል። ከቻላችሁ ወፈር ያለውን ባለ 28 ጌጅ ግዙ፤ ካልቻላችሁ ቤቱን አሳንሱና 28 ግዙ። አራት ፊት ያለው ጣሪያ ሁለት ፊት ካለው ይልቅ ነፋስን ይችላል፤ በጣም የተኛ ጣሪያ ይነቀላል፤ ከፍ ያለ ይሻላል። በጠርዝና በአናት ላይ ሚስማሩ ይጠጋጋ። በ2006 ዓ.ም. ሀይያን የተባለው ማዕበል ፊሊፒንስን ካወደመ በኋላ ረጂ ድርጅቶች ለገበሬው ደጋግመው ያስተማሩት አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አንድ ላይ ይታሰር። ለእኛም ይሠራል። ግንቡ ሳያልቅ፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ፣ ወፍራም ሽቦ ወይም ቀጭን ፌሮ ከከባድ ድንጋይ ሥር ይቀበርና ጫፉ ወጥቶ እንጨቱን ይጠምጥም። ነፋሱ ጣሪያውን ለመንቀል ግንቡን አብሮ ማንሳት ይኖርበታል።

የጣሪያው ክፈፍ ነገር ያከራክራል። የጭቃ ግንብ ከዝናብ እንዲጠበቅ ክፈፉ ረጅም መሆን አለበት፤ ረጅም ክፈፍ ደግሞ ነፋስ ይይዝበታል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የዋናውን ቤት ክፈፍ መጠነኛ አድርጉ፤ በረንዳ ከፈለጋችሁ ጣሪያው ለብቻው ይሁን፤ ነፋስ ቢወስደው ቤቱን ይዞ አይሄድም።

ሣር ክዳንንም አትናቁ። አባቶቻችን የጓሳን ሣር ለቤት ክዳን ሲሉ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ሥርዓት ጠብቀውት ኖረዋል፤ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ከ3 እስከ 5 ዓመት መሬቱ ተዘግቶ ይቆይ ነበር። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። የጓሳ ሣር ክዳን ይሞቃል፣ ዶፉን ይችላል፣ በረዶ ሲወርድበትም እንደ ቆርቆሮ አያደነቁርም። ለአሮጊት እናት የምትሠራ ትንሽ ቤት ከሆነች ከቆርቆሮ ይልቅ እሱ ሊስማማት ይችላል። እሷን ጠይቋት እንጂ ለጎረቤት ዐይን ብላችሁ አትሥሩ።

ጊዜውን ምረጡ። ጭቃ በክረምት አይደርቅም፤ በኅዳር ደግሞ ጎረቤት አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ለእኛ አገር የሚመቸው ከውቂያ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ ታኅሣሥና ጥር ነው። ያን ጊዜ ደቦ ይወጣል። ከውጭ ብር ልካችሁ ሁሉን በቅጥር እንዳታሠሩ አደራ። ለግንበኛው ዋጋውን ክፈሉ፣ ድንጋይ ማጓጓዙንና ጭቃ ማቡካቱን ግን ለጎረቤት ተዉለት፤ ጠላና ንፍሮ አቅርቡ፣ የሌላውም ቤት ሲሠራ እጃችሁን ላኩ። እናንተ በሌላችሁ ቀን ለእናታችሁ የሚደርስላት ያ ጎረቤት ነው።

ብሩ ካልበቃም አትበደሩ። መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ለበጎቹ መጠለያ፣ ለመጪው ወቅት የገብስ ዘር። በረዶ ማሳውን የመታው ቤተሰብ ዘር ከሌለው በጥሩ ቤት ውስጥ ይራባል። ሁለተኛውን ክፍል በቀጣዩ በጋ ትጨምራላችሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል አንድ ክረምት ተፈትኖ ያሳያችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን ወላጆቻችሁን አስቀድሙ። ስትደርሱ ስለ ቆርቆሮ አትጀምሩ። ያ ሌሊት እንዴት እንደነበር ይንገሯችሁ፤ የጠፋው በግ፣ የተሰበረው የእህል ጎታ፣ አጎት ያሸመነው ባና ሁሉ ይቆጠር። ስሟቸው። የት መተኛት እንደሚፈልጉ፣ በሩ ወደ የት እንዲዞር እንደሚወዱ እነሱ ይወስኑ። እናንተ ወደ ከተማ ትመለሳላችሁ፤ በዚያ ቤት የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

ቤታችሁ እስካሁን ያልተነካ ልጆችም አላችሁ። ዘንድሮ ለበዓል ስትሄዱ የቤቱን ጀርባ ዙሩ፤ የጎርፍ መውረጃው ተደፍኖ ከሆነ ክፈቱት፤ የላላ ሚስማር አጥብቁ፤ ከበላይ ያለውን ተረተር እዩ። ግንቦት ሳይጋመስ አድርጉት።