አስታራቂው ከማን ወገን ይሁን?

ሕዝብ ተጋጭቶ ደም በፈሰሰበት አገር ሁሉ የሰላም አማካሪ የሚባል ባለሙያ ከሩቅ ይመጣል። ያጠናል፣ ያሠለጥናል፣ ሪፖርቱን ጽፎ ይሄዳል። እርቁ ቢፈርስ ይህ ሰው ምን ይጎድልበታል?

በጥያ አካባቢ የሚኖሩት ክስታኔዎች ጎርደና ሴራ፣ ሰባት ቤት ጉራጌዎችም የጆካ ቂጫ የሚሉት የዳኝነት ሥርዓት አላቸው። እዚያ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነገም ከባለጉዳዮቹ ጋር አንድ ገበያ ይወጣል፣ አንድ ለቅሶ ይደርሳል። ያጣመመው ፍርድ እደጃፉ ይመጣበታል። ቁርኣንም በኒሳእ ምዕራፍ፣ ቁጥር 35፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ ከእርሱም ከእርሷም ቤተሰብ ሽማግሌ እንዲላክ ያዛል፤ ገመናውን የሚያውቀው የቤት ሰው ነውና።

ታዲያ እንግዳ አያስፈልግም እንበል? አንልም። ቂም ሲበረታ የየወገኑ ሽማግሌ በሌላው ዘንድ ይጠረጠራል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ በአፍሪካ ኅብረት ስም ያሸማገሉት ናይጄሪያዊው ኦባሳንጆ፣ ኬንያዊው ኡሁሩ ኬንያታና ደቡብ አፍሪካዊቷ ምላምቦ ንኩካ ነበሩ።

ግን እንግዳው ድርሻውን ይወቅ። ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ ጥቁሩን ድንጋይ ማን ያኑር በሚል ሊፋጁ ደርሰው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድንጋዩን በጨርቅ ላይ አድርገው የየጎሳው ሰው ጨርቁን ይዞ እንዲያነሳ አደረጉ። ሸክሙ የሁሉም ሆነ።

እኔን የሚያሰጋኝ አበሉ ነው። ሽማግሌው ሆቴል ተጠርቶ፣ ፈርሞ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ወጣቱ ከፍርዱ በፊት የሚጠይቀው «ስንት ተከፈለህ?» ብሎ ይሆናል። ባለሙያው ያን ጊዜ አውሮፕላን ላይ ነው።