ልጆቻችን በቤት ውስጥ፦ ጨዋታ ከትምህርት ጋር ይስማማልን?



ሰኔ ሊያልቅ ሲል ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ጦሳም ጉሙን ይለብሳል። የደሴ ክረምት ልጆችን ከሜዳ ወደ ቤት ያስገባልና ሐምሌንና ነሐሴን ወላጅና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይከርማሉ። በእነዚህ ወራት ከብዙ ወላጆች አንድ አቤቱታ እንሰማለን፦ «ልጆቹ በጨዋታ ተጠምደው የተማሩትን ሁሉ ረሱት፤ ምን እናድርጋቸው?» ይሉናል። ጥያቄው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብቻ የቀረበ ይመስላል። በውስጡ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ልጅን ማስተማር ግዴታችን ከሆነ፣ እየተማረ ደስ እንዲለው ማድረግስ ግዴታችን ነውን? ወይስ ደስታ የትምህርት ጠላት ነው?

መልስ ከመፈለጋችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በምናስተምረው የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። የተሰጠውን ገጽ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። አንድ እሑድ ሌላ ገጽ ገልጠን ብንሰጠው ዝም አለ። ለካስ ገጹን ከጓደኞቹ አፍ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ኖሯል እንጂ ፊደሉን አላወቀውም። እኛም ሰነፍ ብለን በጓደኞቹ ፊት ገሠጽነው። ልጁ ሦስት እሑድ ቀረ። በኋላ ቤቱ ብንሄድ ደጃፉ ላይ ከታላቅ እኅቱ ጋር ገበጣ ይጫወታል። ጠጠሩን ከመዝራቱ በፊት የመጨረሻዋ ከየትኛው ጉድጓድ እንደምታርፍ በልቡ ቆጥሮ ይናገራል፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ያን ቀን የተማርነው እኛ ነን። ልጁ አእምሮ አላነሰውም፤ ያነሰው አለማወቁን ሳያፍር የሚናገርበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ብቻውን አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆየው የመከራ ጊዜ የብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረት ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቷል። ስለዚህ ለአንዳንዱ ልጅ ቤቱ ብቸኛው ትምህርት ቤት የሆነበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ናቸው ሲል ያስተማረው ትምህርት በእኛ ዘንድ የዕለት ኑሮ ሆኗል።

«ዕውቀት በመከራ እንጂ በጨዋታ አይገኝም» የሚል ይኖራል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በውሻ እየተነከሰ የተማረውን የቆሎ ተማሪ ያስታውሰናል። እውነት ነው፤ ድካም የሌለበት ዕውቀት የለም። ነገር ግን የአባቶችን ትምህርት በደንብ እንመልከት። ፊደል የሚቈጥር ልጅ በዜማ ይቈጥራል፤ በወሎ ምድር ጎረቤቱ የሆነው የቁርኣን ተማሪም ከእንጨት ሰሌዳው ላይ በዜማ ይቀራል። ሁለቱም ከጓደኞቻቸው ጋር ድምፅ ለድምፅ ይቀባበላሉ። አባቶቻችን ድካሙን አላስቀሩም፤ በድካሙ ውስጥ ግን ዜማ አኖሩ።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ስለ ልጅነቱ ሲተርክ ላቲንን በሞግዚቶቹ ቁልምጫና በሚሥቁለት ሰዎች ጨዋታ መካከል ያለ ፍርሃት እንደ ተማረ፣ ግሪክኛን ግን በዛቻና በቅጣት ስለ ተማረ እንደ ጠላው ይነግረናል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖም ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ከጥንት አባቶች የተላለፈ አንድ ታሪክ ያነሣል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩ ሰዎች ተሰናከሉ። እርሱም ቀስት የያዘውን ሰው ደጋግሞ እንዲወረውር አዘዘውና «ይህን ሳታቋርጥ ልታደርገው ትችላለህን?» አለው። ሰውየው ቀስቱ ይሰበራል ብሎ ሲመልስለት፣ የሰው ልብም ሳያርፍ ቢወጠር እንዲሁ ይሰበራል አለው። ቶማስ ከዚህ ተነሥቶ በልክ መጫወት ከበጎ ምግባር እንደሚቈጠር፣ ጨዋታን ፈጽሞ መጥላትም ጉድለት እንደ ሆነ ያስተምራል።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨዋታ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። «ይህን ገጽ ካነበብህ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» የሚል አባት ልጁን ከረሜላ መውደድን አስተማረው እንጂ ንባብን አላስተማረውም። ጨዋታውን ሁሉ ወደ ፈተና የሚለውጥ ወላጅም አለ፤ ልጁ ገበጣ ሲጫወት «ስንት ሲደመር ስንት?» እያለ ያቋርጠዋል። እርሱ ጨዋታውን ከልጁ ቀማው እንጂ ትምህርት አልጨመረለትም። ትክክለኛው ደስታ ከነገሩ ከራሱ የሚፈልቅ ነው፤ ታሪኩ ወዴት ይሄድ ይሆን ብሎ መጓጓት፣ ጠጠሩ የት ያርፍ ይሆን ብሎ መገመት ነው።

ለዚህ ከእንቆቅልሽ የበለጠ አስተማሪ አናውቅም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይመለሳል። ያላወቀ ሀገር ይሰጣል፤ ጥቂት ይሣቅበታል፤ ነገር ግን መልሱን ይዞ ይወጣል፤ ተራው ሲደርስም ጠያቂ ይሆናል። አያትም ከልጅ ልጇ ፊት ሀገር ትሰጣለች። በዚህ ጨዋታ አለማወቅ ነውር አይደለም፤ የማወቅ መግቢያ በር ነው። እኛ በክፍላችን ለዚያ ልጅ የነፈግነውም ይህንኑ ነበር።

«መጽሐፍ የለንም፤ እኛም አልተማርንም» የሚሉ ወላጆች አሉ። በሀዋሳ በአህያ ጋሪ ለልጆች መጻሕፍት ሲዞሩ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ይህ በየቀበሌው እስኪመጣልን ግን ቤታችን ባዶ አይደለም። በአቦልና በቶና መካከል ልጅ አንድ አጭር ታሪክ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እስከ በረካው ድረስ ሰሚዎቹ ይጨዋወቱበት። ማንበብ የማትችል እናት ሰሚ ትሁን፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቅ። ሰሚ ያገኘ አንባቢ ይበረታል። አያት ተረት ስትነግር ታላቁ ልጅ በደብተር ይጻፈው፤ ታናሹ ሥዕሉን ይሣልበት፤ በነሐሴ መጨረሻ ቤቱ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ተረት ሲነግሩ የያዙት ሀብት በየእሳት ዳሩ ያለው ሀብት ነው። ትንሹ ልጅ ፊደሉን በከሰል ከድንጋይ ላይ ይጻፍ፤ ወይም በባቄላ ከሰፌድ ላይ ይደርድር። በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ልጆች የሱቁን ማስታወቂያና የመኪናውን ጽሑፍ እየተሽቀዳደሙ ያንብቡ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ግማሽ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ከፈረቃ ሥራ ደክሞ ለሚገባ አባት ግማሽ ሰዓት ቀላል እንዳልሆነ አንዘነጋም። በሳምንት አንድ ምሽት ብትሆን እንኳ ልጁ ይጠብቃታል።

ስልኩን አናወግዝም፤ ጥሩ ታሪክ ይገኝበታል። ነገር ግን ልጅ ስልክ ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ ሀገር የሚሰጠው፣ አብሮት የሚሥቅ ሰው የለውም።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ልጅን በደስታ ማስተማር ለእርሱ የምንከፍለው ዕዳ ነው እንጂ የምንጨምርለት ምርቃት አይደለም። በፍርሃት የተማረ አለማወቁን መደበቅ ይማራል፤ የሚደብቅም አይታረምም። ከተማችን ደሴ ስሟን ያገኘችው ከደስታ እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል፤ ስሟን በየቤታችን እናጽናው።

ያ ልጅ ከጥየቃችን በኋላ ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቅነው። ዛሬም ቀስ እያለ፣ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ያላወቀው ቃል ሲገጥመው ግን ቀና ብሎ «ይህን አላወቅሁትም» ይለናል። መምህራን ሆይ፤ በመስከረም ልጆቹን ስንቀበል «ስንት ገጽ ጨረሳችሁ?» ከማለታችን በፊት «ከሰማችሁት ተረት የትኛው አሣቃችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው።

መልካም ክረምት ይሁንልን።