የማን ኃጢአት ነው?

ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ቀድሞ የሚደርሰው ፍርድ ነው። «የእግዜር ቁጣ ነው»፣ «እናቱ ምን ብትሠራ ነው?» ይባላል፤ አንዳንድ ቤተሰብም ወሬ ሽሽት ልጁን ከሰው ዓይን ይሰውረዋል። ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የጀመሩት ይኸው በደለኛ ፍለጋ ነበር፤ ጌታ ግን ሰውየውንም ወላጆቹንም ከክሱ ነጻ አወጣቸው። ይህን ቃል የተቀበለ ሰው እናትን ሊከስ አይገባውም። ስለ ሕዋስ ክፍፍል የምናውቀውም ክሱ መቆሚያ እንደሌለው ያሳያል።

የሰው ሕዋስ በተለምዶ 46 ክሮሞዞሞች አሉት፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። ፈረንሳዊው ሐኪም ጀሮም ሌዤንና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ሕዋስ 47 ይይዛል፤ ትርፉ 21ኛው ክሮሞዞም ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንቁላል ሲከፈል ነው። የሴት ልጅ እንቁላሎች መከፈል የሚጀምሩት ደግሞ እሷ ራሷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገናኛሉ፣ ክፍልፋይ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ሥራው ባለበት ይቆማል፤ የሚቀጥለው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እንቁላሉ በስሎ ሊወጣ ሲል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አያይዞ የሚያቆያቸው ኮሂሲን የተባለ ፕሮቲን፣ ዓመታት በሄዱ ቁጥር እንደ አሮጌ ስፌት እየላላ ይሄዳል። ስፌቱ ሲለቅ፣ ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት ወገን የሚጎትቱት ቀጫጭን ክሮች ሁለቱንም 21ኛ ክሮሞዞሞች ወደ አንድ ወገን ሊወስዷቸው ይችላሉ። እንግዲህ ሥራው የተጀመረው እናቲቱ ከመወለዷ በፊት ነው፤ የተሳተውም እሷ በማታየውና በማታዝዘው ስፍራ ነው። ፈቃድ በሌለበት ደግሞ በደል የለም።

«ዕድሜዋ ሳይገፋ ብትወልድ ኖሮስ?» የሚል አይጠፋም። ዕድሜ ዕድሉን እንደሚጨምረው እውነት ነው፤ በ25 ዓመት ከሚወልዱ ከ1,200 ገደማ እናቶች አንዷን፣ በ40 ዓመት ከሚወልዱ ግን ከ100 ገደማ አንዷን ያጋጥማል። ነገር ግን በ40 ዓመታቸው ከሚወልዱት አብዛኞቹን አይነካም፣ ወጣቷንም አይምርም። በዕድሜ ገፍቶ መውለድ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ፣ የሣራና የኤልሳቤጥ መውለድ በረከት ባልተባለ ነበር።

ጠለቅ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «በአጋጣሚ ሆነ ማለት እግዚአብሔርን ከፍጥረቱ ማስወጣት አይደለምን?» ይላል። አይደለም። ሕዋሱን መመርመር ነገሩ እንዴት እንደሆነ ይነግረናል፤ ልጁ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ሊነግረን ግን አይችልም፤ ያን የሚወስነው የክሮሞዞም ቁጥር አይደለምና። በወንጌሉም መልሱ ያለፈ በደል ቆጠራውን ትቶ ሊሠራ ወደሚገባው ሥራ ዞሯል። ሥራው ደግሞ በግልጽ የሚታይ ነው። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ብዙው በጊዜ ከታየ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። በሐሜት የተሸማቀቀች እናት ግን ልጇን ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ትዘገያለች፣ ትምህርት ቤትም ለማስገባት ትፈራለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው አውቆ፣ በገዛ ፈቃዱ የሚፈጽመው በደል ካለ፣ እሱ ፍርዱ ራሱ ነው፤ ንስሐም የሚገባው ለእሱ ነው።